ከእህቴ ላፕቶፕ የመጡት መልእክቶች

እህቴ ካረፈች ሦስት ወር ገደማ ሲሆን ላፕቶፗ ወደ እኔ መጣ። እሷ ቡሬ ውስጥ ነርስ ነበረች፤ እኔ ፍኖተ ሰላም አስተምራለሁ። በሚኒባስ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ያም ሆኖ በመጨረሻው ዓመቷ አንድም ቀን ሄጄ አልጠየቅኋትም። እናታችንን የቀበርን ዕለት፣ በለቀስተኛው ፊት፣ «ነርስ ሆነሽ እናትሽን ማዳን አቃተሽ!» ብያት ነበር። ከዚያ ወዲህ ስትደውል አላነሳም። ቆየት ብላ መደወሉን ተወችው። እኔ ኩራት መስሎኝ ነበር።

ላፕቶፑ አሮጌ ነው፤ ገመዱ ከተነቀለ ወዲያው ይጠፋል። የፈተና ጥያቄ ልጽፍበት አሰብኩ። ትምህርት ቤታችን ዋይፋይ የገባው በዚያው ዓመት ነበር፤ የሌሎቹ መምህራን ሲሠራ የእሷ ግን አንድም ኔትወርክ አያሳይም። አጥፍቼ አበራሁት። ከጎኑ ያለችውን የዋይፋይ ማብሪያ ወዲያ ወዲህ አደረግኋት፤ መብራቷ ብርቱካንማ እንደሆነች ቀረች። አንድ ባልደረባዬ ዋይፋዩን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ በፍላሽ አምጥቶ እንደገና ጫነው። ምንም ለውጥ የለም።

ገበያው አጠገብ ድሮ ሬዲዮ ይጠግኑ የነበሩ፣ ኋላ ኮምፒውተርም የለመዱ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ወሰድኩላቸው። ብሎኖቹን ፈትተው የጀርባውን ሽፋን ሲያነሱት፣ ማቀዝቀዣው ላይ ከአቧራው ጋር ረዥም ፀጉር ተጠምጥሟል።

«የባለቤትህ ነው ኮምፒውተሩ?»

«የእህቴ ነበር።»

«ነበር» ስል ቀና ብለው አዩኝ። ነፍስ ይማር አሉና ፀጉሩን ሳይጥሉ ወረቀት ላይ አኖሩልኝ። ከዚያ አንዲት ቀጭን ጥቁር ሽቦ በጥፍራቸው አነሱ።

«የአንቴናዋ ሽቦ ተነቅላለች። ከተነቀለች ቆይታለች መምህር፤ ጫፏ አቧራ ይዟል። ምስኪን፣ ሳታውቅ ነው የኖረች።»

ሽቦዋን ቦታዋ ላይ ጫን አደረጓት። ቀጭ አለች።

በማግስቱ መምህራን ክፍል ውስጥ ስከፍተው መብራቷ ሰማያዊ ሆነች። የትምህርት ቤቱን ዋይፋይ የይለፍ ቃል አስገባሁ። የእህቴ ኢሜይል ኮምፒውተሩ ሲበራ አብሮ የሚከፈት ነበር፤ ከታች በኩል «አራት መልእክቶች በመላክ ላይ» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ። የመሥሪያ ቤት ሪፖርት ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ወዲያው ኪሴ ውስጥ ስልኬ ነዘረ። ደግሞ ነዘረ። አራት ጊዜ። አውጥቼ ሳየው የእህቴ ስም ነው።

ጽፋ «ላክ» ብላ ነበር ለካ። ግንኙነቱ ስለተቋረጠ አንዱም አልወጣላትም።

«ስልክ አታነሳም፤ ይህን ግን ታነበዋለህ» ይላል አንዱ። «እማዬ ሐኪም ቤት አልሄድም ብላኝ ነው፤ ላንተም እንዳልነግርህ አስምላኝ ነበር።» ሦስተኛው አጭር ነው፤ «ለቡሄ ና። ከጠዋት ጀምሬ መናኸሪያ እጠብቅሃለሁ።»

«ምን ሆንህ?» አለኝ ባልደረባዬ።

«መልእክት መጣልኝ።»

«ከማን?»

ስልኩን አዙሬ ስሟን አሳየሁት።

ቅዳሜ ቡሬ ሄድኩ። የእህቴ አከራይ በርበሬ የሚነግዱ ሴት ናቸው፤ ቀብሯ ላይ አይተውኛል። ገና ሳልቀመጥ ጠየቅኋቸው።

«እናቴ፣ የቡሄ ዕለት እህቴ የት ዋለች?»

«መናኸሪያ ነዋ» አሉ፣ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር ይመስል። «ገበያ ስሄድም ስመለስም አግዳሚው ላይ ናት። ዝናብ አይምታሽ፣ ግቢ ብላት፣ ‹መኪና አጥቶ ይሆናል እንጂ ይመጣል› አለችኝ። ጃንጥላዬን ሰጥቻት ገባሁ። ስትመለስ መሽቶ ነበር።»

«አልደረሰኝም ነበር።»

«ምኑ፣ ልጄ?»

ስለ ሽቦዋ ላስረዳቸው ጀመርኩና አቃተኝ። እሳቸውም አልጨቀጨቁኝም፤ እጄን ያዝ አደረጉት።

«ተቆጥታ ነበር?» አልኳቸው በመጨረሻ።

«አልቅሳለች» አሉ።

ሰኞ ትምህርት ቤት ገብቼ ከስልኬ መልስ ጻፍኩላት፤ ይቅር በይኝ ብዬ። ላኩት። ላፕቶፗ ላይ በእሷ ስም በተከፈተው የኢሜይል ሳጥን ውስጥ፣ እዚያው ዓይኔ ሥር፣ ያልተነበበ ሆኖ ደመቅ ብሎ መጣ። ጣቴን አስጠግቼ ነበር፤ አልከፈትኩትም።