የሊቀመንበሩ ደረትና የምታስነጥሰው ድመት

ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ አሰማ! የቀድሞው የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ፣ የባለ ሦስት ፎቁ ኪራይ ቤት ነዋሪዎች ሊቀመንበር፣ የደንብ አባት አቶ ኡካይ ቶኩሱኬ፣ በሰፈሩ የሕዝብ መታጠቢያ ቤት በምትኖረው ጥቁር ድመት በኮምቡ ላይ ጦርነት አውጀዋል። ጥፋቷ ማስነጠስ ነው።

አቶ ኡካይ ጡረታ ሲወጡ የሚቆጣጠሩት ትኬት ስላጡ ሰውን መቆጣጠር ያዙ። ቆሻሻውን በተሳሳተ ቀን ያወጣ ተከራይ ከረጢቱን ተመልሶ በሩ ላይ ያገኘዋል። በኪራይ ቤቱ መግቢያ «ድመት ማሳደር ክልክል ነው» የሚለውን ሰሌዳ የሰቀሉት እሳቸው ናቸው። በመታጠቢያው ግድግዳ ላይ «ፎጣ ገንዳ ውስጥ አይግባ» ብለው የጻፉትም እሳቸው፤ ደንቡ ከቅድመ አያት የመጣ ቢሆንም እንደ ፈጠሩት ሁሉ ይኮሩበታል።

ታዲያ ከዚያው ሰሌዳ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ አቶ ኡካይ ደረት ላይ አንዲት ቢጫ ድመት ትተኛለች። ሂሜ ይሏታል፣ ልዕልት ማለት ነው። ዝናብ ሲደበድባት አግኝተው ለአንድ ሌሊት ብለው አስገቧት፤ ሌሊቱ ዓመት ሆነ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ በዚያ ቤት ከሳቸው ሌላ የሚተነፍስ እሷ ብቻ ናት።

በቅርቡ ደረታቸው ላይ ክብ ክብ ቀይ ነገር ወጥቶ ያሳክካቸው ጀመር። አቶ ኡካይ ችሎት ተቀመጡ። ሂሜ አታስነጥስም፣ ጸጉሯም ሐር ነው፤ ስለዚህ ነጻ ናት። ኮምቡ ታስነጥሳለች፤ ስለዚህ ወንጀለኛ ናት። ኮምቡን በጣታቸው እንኳ ነክተው አያውቁም፤ ይህ ግን ፍርዱን አላዘገየውም።

«እስከ ነገ ካልወጣች ሰፈሩ ሁሉ እዚህ መታጠብ እንዲያቆም አደርጋለሁ» አሏት የመታጠቢያውን ባለቤት፣ ሰዉ «አክስት» የሚላትን ሺኖን።

ያን ዕለት አመሻሽ ሰዉ ሁሉ እንደ ወጉ ፎጣውን አጣጥፎ አናቱ ላይ አድርጎ ሙቁ ገንዳ ውስጥ ተዘፍዝፏል። አቶ ኡካይ ፎጣቸውን ደረታቸው ላይ ጠምጥመው ገቡ።

«ሊቀመንበር!» አለች አክስት ሺኖ፣ የወንዶቹንም የሴቶቹንም ክፍል ከምታይበት ከፍ ካለው ወንበሯ። «ፎጣ ገንዳ ውስጥ አይገባም። ማንበብ አይችሉም እንዳልል ጽሑፉ የእርስዎ ነው።»

«በርዶኝ ነው!»

«እዚህ ፍላት ውስጥ?» አሉ የልጅነት ጓደኛቸው፣ የእንስሳት ሐኪሙ ሙራኦካ። «አንተ ቶኩሱኬ! ስንት ዘመን በፎጣ ስትገስጸን ኖረህ!» ብለው ጨርቁን መነጨቁት።

ክቦቹ ወጥተው ታዩ።

«ጭርት ነው» አሉ ሐኪሙ። «የማን ድመት ናት ደረትህ ላይ የምትተኛው?»

«የኮምቡ ጉንፋን ነው!»

«የድመት ጉንፋን የድመት ነው፣ አንተን ምን ይሠራብሃል? ኮምቡን ትናንት አይቻታለሁ፤ ቆዳዋ ንጹሕ ነው። ጭርት ግን ከድመት ወደ ሰው፣ ከሰውም ወደ ድመት ይሻገራል። አንዳንዷ ደግሞ ምንም ሳይታይባት ታጋባለች። ሐር የመሰለችው ሳትቀር።»

የወንዶቹንና የሴቶቹን ገንዳ የሚለየው ግድግዳ ጣሪያ አይደርስም። ከማዶ የሁለተኛ ፎቅ ተከራይዋ የወይዘሮ ካጂታኒ ድምፅ መጣ፦

«ለካ! ማታ ማታ ‹ነይ ልዕልቴ፣ ዓሣሽን ብዪ› የሚሉት ለድመት ነው? እኔ ደግሞ ሽማግሌው ሴት ያዙ ብዬ ደስ ብሎኝ!»

በሁለቱም ወገን ሳቁ ገንዳውን አናወጠው። አቶ ኡካይ እስከ አፍንጫቸው ሰጠሙ። የታያቸው ሰሌዳው ነው፤ ከሰሌዳው ሥር ደግሞ ሂሜ፣ ተመልሳ ዝናብ ላይ።

«ሰሌዳዎንስ ምን እናድርገው?» አሉ ወይዘሮ ካጂታኒ።

«ጉ... ጉዳዩ ይጠናል!»

«እስኪጠና ልዕልቲቱን ሐኪም ጋ ይውሰዷት» አለች አክስት ሺኖ። «እርስዎም ጭርቱ እስኪለቅዎ እዚህ ደጅ ድርሽ እንዳይሉ። ኮምቡ ትቆያለች።» ኮምቡ ጭኗ ላይ እንደ ተኛች አስነጠሰች።

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የተባለችው ሴት እንኳ ድስቷ ሲያር አፍራ ይሆናል። አቶ ኡካይ ግን ዓይናቸውን በጨው ታጥበው በማግስቱ ቀለምና ብሩሽ ይዘው ወረዱ። ሰሌዳው ዛሬም አለ፤ የተጨመረበት አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «የምታስነጥስ ድመት ማሳደር ክልክል ነው።»

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የጎረቤትህ ድመት ባስነጠሰች ቁጥር ጣትህን የምትቀስር አንተ፣ አንድ ነገር ልለምንህ፦ እስቲ በሩን ዝጋና፣ ሸሚዝህን ከፈት አድርገህ...