የጀይሉ እርጥብ ጆንያ

ከሚሴ ላይ ጀይሉን የማያውቅ ካለ እሱ መንገደኛ ነው። ሚኒባሱን ሲነዳ ዓይኑ አስፋልቱ ላይ ነው፤ ልቡ ግን የት እንደሚከርም አላህ ይወቀው። ከቦርከና ማዶ ሙቀቱ አየሩን ሲያርገበግበው ውሃ ይታየዋል፣ ውሃው ላይ ግመል ይታየዋል፣ ከግመሉም ጋር ያወጋል። ተሳፋሪው «ወራጅ አለ!» ብሎ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ካልጮኸ አይቆምም።

ታዲያ ይኼ ሰው ልጁን ነዋልን ባቲ ሲድር «በእኔ መኪና ካልሆነ ከቤቴ አትወጣም!» ብሎ ድርቅ አለ። ሌላ ልጅ የለውማ! ትምህርት ቤት ያመላለሳት በዚችው መኪና ነው። የመጨረሻውን መንገድ ለሰው አሳልፎ ሊሰጥ? ወላሂ አይሆንም።

ችግሯ መኪናዋ ናት። ሞተሯ ከሾፌሩ ወንበር ሥር ነው። የጭስ ማውጫው ቧንቧ በዳገት ሲግል፣ በአጠገቡ የሚያልፈውን የናፍጣ ማስተላለፊያ ጎማ ያቀልጠዋል። የሰፈሩ መካኒክ ቶፊቅ «በመሃላቸው ላሜራ አስገባ» እያለ ወተወተው። ጀይሉ ግን የቆላ ሰው አይደል? የሚጠጣውን ውሃ የሚያቀዘቅዘው ጀሪካኑን ጆንያ አልብሶ፣ ጆንያውን አርጥቦ ነው። «ጀሪካን ያቀዘቀዘ ጎማ ያቅተዋል?» አለና ጎማውን በእርጥብ ጆንያ ጠቀለለው። በቆመበት ሁሉ ውሃ ያጠጣዋል። ሠራለትም፤ እዩልኝ ጥበቤን ሲል ከረመ።

የሠርጉ ቀን ነዋል ጋቢና ከጎኑ ተቀመጠች። ከኋላ ሴቶቹ በድቤ መንዙማውን ሲያነሱት ሰውዬው ጭልጥ አለ። ነዋል ሕፃን ሆና፣ ጭኑ ላይ ተቀምጣ መሪ ስትነካካ ታየችው። ጆንያውን ማን ያስታውስ! ሐርቡን እንዳለፉ ከወንበሩ ሥር ጭስ ተትጎለጎለ።

«ውረዱ! ውረዱ!» አለ ጀይሉ መኪናዋን አቁሞ።

ሁሉም ወረደ። ቶፊቅ ከአጃቢው መኪና ዘሎ መጥቶ ውሃ ደፋበት። ጆንያው ደርቆ፣ ቧንቧው ላይ ተለጥፎ ነው የተቀጣጠለው። ጎማው ለጥቂት ተርፏል።

«አንተ ሰውዬ፣ ይኼ ጀሪካን መሰለህ እንዴ?» ብሎ አምባረቀበት። «እሳትን ይርቁታል እንጂ ውሃ እያጠጡ አብረውት አይተኙም!»

ሚዜዎቹ ሙሽራዋን ወደ ሌላ መኪና እናዛውር አሉ። ጀይሉ መሬት መሬት አየ። ልጁን ሊያቃጥላት ነበር እኮ! እፍረቱ አንገበገበው።

«ሂጂ፣ ኢንተላ ኮ» አላት፤ ልጄ ማለቱ ነው።

ነዋል ቀሚሷን ሰብስባ ግራር ሥር ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። «አባ፣ እኔ የምሄደው ካንተ ጋር ነው። መኪናዋን ሥሯት።»

ቶፊቅ ከመንገድ ዳር ሱቅ ባዶ የዘይት ቆርቆሮ አምጥቶ ቀደደው፣ ዘረጋው። በቧንቧውና በጎማው መሃል አየር የሚያልፍበት ክፍተት ትቶ በብሎን አሰረው። ጎማውንም ከሙቀቱ ፈቀቅ አድርጎ በሽቦ ጠፈረው።

ከዚያ ወዲያማ መኪናዋ ዳገቱን እንደ ጉድ ወጣችው። ኮምቦልቻ ላይ ቆሞ ጎማውን ቢዳስሰው ምንም አልሆነም። ደስ ሊለው ሲገባ፣ ምናልባት ይግል እንደሆነ ብሎ ደግሞ ዳሰሰው። ነዋል ትከሻው ላይ ተደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት። ባቲ ከታች ብቅ ስትል ጀይሉ እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሳ። «ያ ረቢ፣ ምናለ አሁን ይችን መኪና ብታቆማት?» ሲል በሆዱ ለመነ።

መኪናዋ እንደዚያ ቀን ጤነኛ ሆና አታውቅም።