መስመሩ ተይዟል

አራብሳ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብቻዬን ነው የምኖረው። ዛሬ ከሰዓት ኮምፒውተሬ «ተገናኝቷል፣ ኢንተርኔት የለም» እያለ ሲያበግነኝ ዋይፋዩን ሦስቴ አጥፍቼ አበራሁት። ቀይዋ መብራት ብልጭ ድርግም ስትል የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ ዘነቡ ትዝ አሉኝ።

ልጅ ሆኜ ከእትዬ ጋር ሳሊተ ምሕረት ሰፈር ነበር የምንኖረው። ኢንተርኔት የሚገባው በቤት ስልክ ስለነበር አባቴ ሲጠቀም መደወል አይቻልም። አንድ ቀን እትዬ «ስልኩ ምን ሆኖ ነው?» ቢሉት ከመኝታ ቤት «መስመሩ ተይዟል!» አላቸው። እትዬ ከጠበል የማይጠፉ ሴት ነበሩ፤ «ተያዘ» ሲባል የሚያውቁት ሰይጣን የያዘውን ነው።

እጀታውን አንስተው ጆሮዬ ላይ ለጠፉት። የሆነ ነገር ሲጥ ይላል፣ ያጓራል፣ ደግሞ ሲጥ ይላል። ጠበል ቦታ የሚጮኹት ሴቶች መሰሉኝ። እትዬ ነጠቁኝና አፋቸውን አስጠግተው «ማነህ? ተናገር! ከየት ነው የያዝከው?» አሉት።

ጩኸቱ ቀጥ አለ።

«ማነው የቆረጠብኝ?» አለ አባቴ ከውስጥ።

«ወጣ» አሉ እትዬ፣ ግንባራቸውን እየጠረጉ።

«የት ሄደ?» አልኳቸው።

«ማደሪያ ፍለጋ ነዋ! ብቻውን የሚኖር ሰው ይወዳል።»

አሁን የዋይፋዩን ገጽ ከፍቼ ማን ማን እንደተገናኘ አየሁ። ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ጠፍቷል፤ ያለኝ አንድ ኮምፒውተር ነው። ዝርዝሩ ላይ ግን ሁለት አሉ። የሁለተኛው ስም «ያልታወቀ» ይላል። የይለፍ ቃሉን የቀየርኩት ትናንት ነው፤ ለማንም አልነገርኩም።

«ማነህ?» ልል አፌን ከፈትኩና፣ ቢመልስልኝስ ብዬ ዘጋሁት።