የማሴሊና ቅንድብ

በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያዋ ካርሰን ከተማ፣ ከፓስፊክ ደሴቶች የመጡት የሳሞአ ሰዎች ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የተወራውን ብታምኑ፣ ማሴሊና ቦታዋን ለሉሳ የለቀቀችው ከፍቅር ብዛት ነው። «እንዴት ያለች ሆደ ሰፊ ሴት!» ተባለላት። ውሸት ነው። ማሴሊና አንጀቷ በቅናት እያረረ ነበር፤ ጉድ የሠራት ቅንድቧ ነው።

ማሴሊና የምትሠራው ትምህርት ቤት ነው፤ በሳሞአ ቤተሰቦችና በመምህራኑ መካከል ቆማ ታግባባለች። አባቶች መምህር ፊት ሲቀርቡ አንገታቸውን ደፍተው የተባሉትን ሁሉ «እሺ» ይላሉ። በክርኗ ጎሸም አድርጋ «ጠይቁ እንጂ! መጠየቅ ድፍረት አይደለም» የምትላቸው እሷ ናት። ለመምህራኑ ደግሞ ልጆቹ ቁጣ ሲደርስባቸው መሬት መሬት የሚያዩት ከአክብሮት እንጂ ከንቀት እንዳልሆነ፣ ቅንድብን ብድግ ማድረግም «አዎ» ማለት መሆኑን ስታስረዳ ኖራለች። ዓርብ ዓርብ ከትምህርት በኋላ ልጆቹን ሰብስባ የአያቶቻቸውን ቋንቋና ጭፈራ ታስጠናለች።

በምረቃ ዕለት ወላጆችን ወክላ የምትናገረውም እሷ ነበረች። ያቺን ቀን ትሞትላታለች። በሳሞአ ወግ ለክብር የሚጠለቀው የከረሜላ ጉንጉን አንገቷ ላይ ተደራርቦ አፍንጫዋ ጋ ካልደረሰ ዓመቱ ያለቀ አይመስላትም።

ኋላ ሉሳ እሷን እንድታግዝ ተቀጠረች። እዚያው ካርሰን የተወለደች፣ ሳሞአኛዋ የሚንገዳገድ፣ ሳቋ ግን ሰው የሚጠራ ልጅ ናት። እናቶቹ ወደዷት። ማሴሊና ጥፋት ብትፈልግባት፣ ብትፈልግባት አጣች። አንድ ቀን በር ላይ ቆማ ብታዳምጥ፣ ሉሳ አንዱን መምህር «ልጅቷ መልሳልሃለች እኮ፤ ቅንድቧን አላየኸውም?» ትለዋለች። የማሴሊናን ቃል፣ ያውም በማሴሊና ዜማ!

ማታ ለባሏ ለሲአኦሲ «ሰረቀችኝ» አለችው።

«አንቺው አይደለሽ ያስተማርሻት?»

«አስተምሬያት ነዋ የሰረቀችኝ!»

ምረቃው ሲቃረብ ወላጆች ተሰበሰቡ። ፔሌኒሴ የምትባል አፏ የማያርፍ እናት ብድግ አለች።

«እትዬ ማሴሊና፣ ዘንድሮ እርስዎ ዐረፍ ይበሉ። ንግግሩን ሉሳ ታድርገው፤ ይሁን?»

ማሴሊና ክው አለች። ከድንጋጤዋ የተነሳ ሁለቱም ቅንድቦቿ ግንባሯ ላይ ተሰቀሉ።

«አዎ አሉ!» ብላ ፔሌኒሴ ጮኸች። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ማሴሊና «ኧረ እኔ…» ብላ ሳትጨርስ ሉሳ እየሮጠች መጥታ ተጠመጠመችባት። «ሁለተኛ እናቴ እኮ ነዎት!» አለቻት፣ እንባዋ እየወረደ። እንግዲህ ምን ትበል? መምህራኑን ዕድሜ ልኳን ያስተማረችውን በገዛ አፏ ትሻረው?

የምረቃው ቀን ሉሳ ተናገረች። መሀል ላይ ሳሞአኛው ጠፋባት፤ ሳቀች፤ ሕዝቡም አብሯት ሳቀ። ጉንጉኑ ተደራርቦ ተደራርቦ ከፊቷ የቀረው ዓይኗ ብቻ ሆነ። ማሴሊና አንገት ላይ የነበረው አንድ ጉንጉን ነው፤ እሱንም ያጠለቀላት ባሏ ነው።

ከግራዋ ሲአኦሲ፣ ከቀኟ ፔሌኒሴ፣ ሁለቱም ዓይናቸውን መድረኩ ላይ ተክለው ያጨበጭባሉ።

«ይሄን ቅንድብ በጊዜ መላጨት ነበር» አለች ማሴሊና።