ወንድሜ ከአውቶቡሱ የወረደ ዕለት

ቺኑክ፣ በክረምት መሀል ድንገት የሚመጣው ሞቃት ነፋስ፣ ሊነፍስ ሲል ከሁሉም ቀድሞ የሚያውቀው አፍንጫዬ ነው። ውጭው ገና በረዶ እንደሆነ፣ ከዓይኖቼ መሀል ያለችው አጥንት መጠዝጠዝ ትጀምራለች። ሐኪሙ የአየር ግፊት ነው ይላል። እኔ ግን ሕመሙ በመጣ ቁጥር የሚሸተኝ የወለል ቫርኒሽና የፈንዲሻ ቅቤ ነው፤ የሚሰማኝም የጎማ ጫማ ጩኸት ነው። ይህችን አጥንት የሰበራት አባትሽ ነው።

ባለፈው እሑድ "አጎቴ፣ አንተና አባዬ ጌም አብራችሁ ዋች አድርጋችሁ አታውቁም፤ ዋይ?" ብለሽ ስትጠይቂኝ ጊዜ የለንም ብዬ አለፍኩሽ። ዋሸሁሽ። ቸርች ውስጥ አንድ ሰውዬ "አባትሽ ኮሌጅ ገብቶ ቢሆን ኖሮ የት በደረሰ" እንዳለሽም ነገርሽኝ። ያን ሰውዬ በዚያች ደቂቃ ባገኘው ኖሮ አፉን በዘጋሁት ነበር። ከዚያ በኋላ ሳስበው ግን መዘጋት የነበረበት የእኔ አፍ ነበር፤ ያውም ከብዙ ዓመት በፊት።

ያደግነው ኦግደን በሚባለው ሰፈር፣ ከባቡሮቹ ግቢ አጥር ማዶ ነበር። ፉርጎዎች ሲጋጩ የወጥ ቤታችን ብርጭቆ ይንጫጫ ነበር። በጓሮ በኩል፣ ከጋራዡ በር በላይ፣ አባታችን ራሳቸው የበየዱት የቅርጫት ኳስ የብረት ቀለበት ነበረ። ትንሽ ወደ ግራ ያዘመመ ስለነበር እኔና ወንድሜ ዕድሜ ልካችንን ወደ ቀኝ አጥብቀን መወርወር ለመደብን። እሱ በዕድሜ አንድ ዓመት ይበልጠኛል፤ ከካርቱም ስንመጣ ግን አንድ ክፍል አስገቡን። እኔ የእንግሊዝኛውን ንባብ ቶሎ ለቀምኩት። እሱ መናገሩን ከእኔ ቀድሞ ቻለ፤ ገጽ ሲከፍት ግን ፊደሎቹ ይዘሉበታል። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የእንግሊዝኛ ድርሰቶቹን የምጽፍለት እኔ ነበርኩ። ይህን ከሁለታችን በቀር ማንም አያውቅም ነበር።

ኳስ ላይ ሲሆን ግን ፊደል ቆጣሪው እኔ ነበርኩ፤ እሱ ሊቅ። ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው። ሲዘል ቸኩሎ አያውቅም፤ አየር ላይ ወጥቶ ሌሎቹ እስኪወርዱ የሚጠብቅ ይመስል ነበር። ሰው ሁሉ ይወደው ነበር። እኔም እወደው ነበር፤ እጠላውም ነበር። ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ፣ ከአልጋዬ እስከ አልጋው ባለችው አንድ ክንድ ርቀት ውስጥ አብረው ይኖሩ ነበር።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መሀል፣ ሃይስኩል በምንጨርስበት የጸደይ ወራት፣ የከተማችን ዩኒቨርሲቲ ሁለታችንንም ለኳስ ቡድኑ እንደሚፈልግ ጻፈልን። በዚያው ሳምንት በከተማችን የነበረ አንድ ትንሽ ፕሮፌሽናል ክለብ ሰው ልኮ አባትሽን አነጋገረው። ትልቁ ሊግ ያልወሰዳቸው ወይም የተዋቸው ተጫዋቾች የሚሰበሰቡበት፣ በአውቶቡስ ከከተማ ከተማ የሚዞር ክለብ ነበር። ሰውየው የእኔን ስም አላነሳም። ቆሜ እያየሁት አንድ ጊዜ እንኳ ወደ እኔ ዞር አላለም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ የሃይስኩል አሠልጣኛችን ቤታችን መጣ። አባታችን ከቸርች የለበሱትን ሙሉ ልብስ አላወለቁም ነበር። እናታችን ሻይ አቅርባ፣ ነገሩ እንዳላማረ ስታውቅ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

"እዚያ ያሉት ትልልቅ ሰዎች ናቸው" አለ አሠልጣኙ። "ሥራቸውን ላለማጣት ነው የሚጫወቱት። ቦታቸውን ለሚወስድ ልጅ ማን ያስተምራል? ቤንች ላይ ትበሰብሳለህ። ኮሌጅ ግን ትሳሳታለህ፣ ተመልሰህም ትገባለህ። ሰው የሚያድገው ሲጫወት ነው።"

"ከልጆች ጋር አራት ዓመት ተጫውቼ ምን አገኛለሁ?" አለ ወንድሜ። "እዚህ ከተማ ያስቆመኝ ልጅ የታለ? እዚያ ፕራክቲስ ላይ እንኳ በየቀኑ ከወንዶች ጋር እላተማለሁ። የሚያሳድገኝ እሱ ነው።"

አሠልጣኙ ፊቱ ቀላ። "ዕብሪተኛ ነህ" አለው። ወንድሜም "አንተ ደግሞ ከሃይስኩል ጂም ወጥተህ አታውቅም" ሲል መለሰለት። አባታችን ጣልቃ ገቡ። ደመወዝ ከቀመስክ በኋላ የኮሌጅ በር እንደ ልብ አይከፈትም፣ ጉልበት ያልፋል፣ ትምህርት ግን አይከዳም አሉት። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነበር፤ እሳቸው ድምፃቸውን እንደዚያ ዝግ የሚያደርጉት ሲቆጡ ነው።

አባታችንን ሁልጊዜ አንቱ ነበር የምንላቸው። አንዲት ቀን እንኳ ስተን አናውቅም። ወንድሜ ከሶፋው ተነሥቶ፣ ያን ሁሉ ቁመቱን በላያቸው ዘርግቶ፣ "አንተ በዲግሪህ ምን ሆንክ?" አላቸው። "አገር ቤት ኢንጂነር ነበርክ። እዚህ የባቡር ዝገት ትፍቃለህ።"

አባቴ መነጽራቸውን አውልቀው በከረባታቸው ጫፍ መጥረግ ጀመሩ። ያን ጊዜ ነው እኔ የተናገርኩት።

"ኮሌጅ የማይገባው ማንበብ ስለማይችል ነው" አልኩ፤ ያውም አሠልጣኙ እንዲሰማ በእንግሊዝኛ። "ወረቀቱን ሁሉ የምጽፍለት እኔ ነኝ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ።"

ለብዙ ዓመት ይህን ያደረግኩት ለአባቴ ክብር ነው እያልኩ ራሴን አታልያለሁ። የክለቡ ሰውዬ ስሜን ስላላነሳ ነው እንጂ ለማንም ክብር አልነበረም። ወንድሜ አልጮኸም። የሻይ ብርጭቆውን ድምፅ እንዳያሰማ ተጠንቅቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ወጣ። በማግስቱ ፈረመ። በሳምንቱ ልብሱን በሁለት የቆሻሻ ከረጢት ይዞ፣ ያኔ ገና እየተሠራ ወደነበረው ኮራል ስፕሪንግስ ሰፈር፣ ከአንድ የቡድኑ ልጅ ጋር ከአንድ ቤት ሥር ቤዝመንት ሊኖር ሄደ። አልጋው ባዶ ሲሆን ደስ ያለኝ መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያውን ዓመት ቤንች ላይ ጨረሰው። እኔ ከገና በኋላ የዩኒቨርሲቲው ቡድን ውስጥ ቋሚ ሆንኩ። ጠዋት ጠዋት ጋዜጣ አነሳና የእሱን ቡድን ውጤት ፈልጌ፣ ከስሙ አጠገብ ያለችውን ዜሮ አይቼ ቁርሴን በጣፈጠ አፍ እበላ ነበር። አሠልጣኙ ለአባቴ እየደወለ "ብያችሁ ነበር" ይላል። አባቴ "እግዜር ያውቃል" ብለው ስልኩን ያስቀምጣሉ። በሌላ በኩል ግን አንድ ወሬ ይደርሰኝ ነበር። በቡድኑ ውስጥ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጠው፣ የወንድሜ ቦታ ላይ የሚጫወተው ሰውዬ፣ ፕራክቲስ ካለቀ በኋላ ሌላው ሲሄድ ወንድሜን አስቀርቶ የእግር አጣጣል ያስተምረዋል አሉ። አላመንኩም። ማመን አልፈለግኩም።

በሁለተኛው ዓመት መጸው፣ ሲዝኑ ከመጀመሩ በፊት፣ የእነሱ ክለብና የእኛ ዩኒቨርሲቲ የወዳጅነት ጨዋታ ተደረገ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በእኛው ጂም። ወዳጅነት ብለው የጠሩት ሌሎች ናቸው። የሃይስኩል አሠልጣኛችን ከሚኖርባት ከጎረቤት ከተማ ከኤርድሪ ነድቶ መጥቶ ፊት ለፊት ተቀመጠ። አባቴ የቅዳሜ ሺፍታቸውን ጨርሰው በሥራ ልብሳቸው በሩ አጠገብ ቆሙ። ከላይ ከመስኮቶቹ የሚገባው ፀሐይ ወለሉን ቢጫ አድርጎት ነበር።

ወንድሜ ከእረፍት በኋላ ገባና የሚይዘው እኔን ሆነ። በአንድ ዓመት ከመንፈቅ አንድ ቃል አልተነጋገርንም ነበር። የመጀመሪያውን ኳስ ሲቀበል በትከሻው ገፋኝ፤ ግድግዳ ነበር። ወደ ግራ መሰለኝ፤ በቀኝ ዞሮ አገባ። ሁለተኛውን ደግሞ በግራ። እግሩ እንደዚያ ሲረግጥ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። እኔ ዓመቱን ሙሉ ስጫወት፣ ስሳሳት፣ ተመልሼ ስገባ ከርሜ በጥቂቱ ተሽዬ ነበር። እሱ ቤንች ላይ ተቀምጦ ሌላ ሰው ሆኖ ነበር የመጣው። ወደ አሠልጣኙ ብመለከት አፉን ከፍቶ ያያል።

ቀጥሎ ኳሱ አመለጠውና ነጥቄ አገባሁበት። ዳኛው እስኪያስጀምር ጎን ለጎን ቆምን። ላቡና የጡንቻ ቅባቱ ይሸተኝ ነበር። ከንፈሬን ወደ ጆሮው አስጠግቼ፣ በአማርኛ፣ "ይህንንስ እኔ ልጻፍልህ?" አልኩት።

ክርኑን አላየሁትም። ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ድምፅ ከራስ ቅሌ ውስጥ ተሰማኝ፤ ከዚያ ወለሉ ላይ ነበርኩ። ሰው ሁሉ ይጮኻል። አባቴ በከባድ ጫማቸው ወለሉን አቋርጠው ሲመጡ አየሁ። እኔን አልፈው ሄደው የወንድሜን ማሊያ ጨብጠው ያዙት።

"ምን አለህ?" አሉት።

ወንድሜ ወደ እኔ ተመለከተ። "ምንም አላለኝም" አለ።

ዳኛው አስወጣው። አባቴ በመኪናቸው ሆስፒታል ወሰዱኝ። ክለቡ ከጨዋታው እንደተነሣ በማግስቱ ለሚጫወተው ሌላ የወዳጅነት ግጥሚያ ወደ ሬጂና ከተማ የሚሄድ ስለነበር አውቶቡሱ ውጭ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ከዚያ የሆነውን የሰማሁት በኋላ ነው። ገና ከከተማ ሳይወጡ ወንድሜ ተነሥቶ አቁሙልኝ አለ። የክለቡ አሠልጣኝ "ከወረድክ ከቡድኑም ወረድክ ማለት ነው" አለው። ወረደ።

ኢመርጀንሲ ተቀምጬ አፍንጫዬ ላይ የያዝኩት ፎጣ በደም ሲርስ፣ በሩ ተከፈተና ገባ። ከጃኬቱ ሥር ማሊያው አለ። የቀዘቀዘ አየር አብሮት ገባ። አባቴ አይተውት ተነሡና ወንበሩን ለቀቁለት። አጠገቤ ተቀመጠ። "ጎንበስ በል፤ ደሙን እንዳትውጠው" አለና ፎጣውን ከእጄ ተቀብሎ ያዘልኝ። ከሁለት ሰዓት በላይ ያዘልኝ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ የተኛሁ መሰልኩ። ይቅርታ ልለው አስቤ ነበር። ግን እሱ ይጀምር ብዬ ጠበቅኩ። የሰበረኝ እሱ ነዋ!

ሰኞ ክለቡ አሰናበተው።

የሃይስኩል አሠልጣኛችን የዩኒቨርሲቲውን ማመልከቻ አመጣለት። ቢያንስ አንድ ዓመት ሳትጫወት ትቀመጣለህ፣ ከዚያ ትገባለህ አለው። ቅጹ መጨረሻ ላይ ስለራስህ ድርሰት ጻፍ ይላል። ወረቀቱ ወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ክረምቱን ሙሉ ተቀመጠ፤ የብርጭቆ ክብ ታተመበት። እንድጽፍለት አልጠየቀኝም። እኔም ልጻፍልህ ልለው አልቻልኩም፤ ያችን ቃል ያበላሸኋት እኔው ነኝ። በጸደይ እናታችን ጠረጴዛውን ስትጠርግ ጣለችው። እሱ ከአባታችን ጋር ባቡር መፋቅ ጀመረ።

እኔ ኮሌጁን ጨረስኩ። ማንም ተጫወትልኝ ብሎ አልደወለልኝም፤ መደወልም አልነበረበትም። ወንድሜ ግን ምሳሌ ሆነ። አባቴ "ኮሌጅ ቢገባ ኖሮ" ሲሉ፣ አሠልጣኙ በየዓመቱ ለሚመጡት ልጆች "አንድ ተጫዋች ነበረኝ" ብሎ ሲጀምር፣ ቸርች ውስጥ ኳስ ነክተው የማያውቁ ሰዎች ሲመክሩበት፣ እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ ነበር። ዲግሪዬን እያዩ ራሳቸውን ይነቀንቁልኛል። እጠላቸው ነበር። ያቺን ትንሽ ሊግ እየረገሙ እሷ ያሳደገችውን አላዩም። ያደገውን ሰው ማን እንደቀጨው ደግሞ እኔ አልነገርኳቸውም።

አባታችን ሲያርፉ አንቺ አራት ዓመትሽ ነበር። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አሠልጣኙ በከዘራ ሆኖ ለቅሶ መጣ። ሰው በተሰበሰበበት፣ የአባትሽን እጅ ይዞ፣ "አባትህ ትክክል ነበር፤ እኔም ነግሬህ ነበር" አለው። ደሜ ፈላ። ተነሥቼ ልናገር አፌን ከፈትኩ። አባትሽ ግን ቀድሞኝ "እውነትህን ነው፣ ኮች" አለና ካፖርቱን አልብሶ፣ ደግፎ ወደ መኪናው ወሰደው። እስከ ኤርድሪ አድርሶት ሲመለስ ሰዉ ሄዶ ነበር።

"መንገድ ላይ እንቅልፍ ወሰደው" አለኝ።

"ያን ቀን ያልኩህ ነገር..." ብዬ ጀመርኩ።

"የቱን ቀን?" አለ።

ፊቱን ፈለግኩት። ረስቶት ይሁን፣ ወይም ሊተውልኝ ፈልጎ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ደግሜ አልጠየቅኩትም። እሱ ሶፋው ላይ ተኝተሽ ከነበረበት ቀስ ብሎ አነሣሽና ጃኬትሽን ሊያለብስሽ ጀመረ። በእንቅልፍሽ ተወላግደሽ፣ ክንድሽ አልገባ አለው። ሄጄ እጅጌውን ያዝኩለት።