የሶላንዥ አሳዳጊ

አዲስ የሸክላ ዕቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ ሲነካው የሚሰጠው ሽታ አለ፤ ከዝናብ ሽታ ጋር ይቀራረባል፣ ግን ትንሽ የኩበት ጭስ አለበት። አሁን በምኖርባት ባሕር ዳር፣ ከደጄ ፊት ለፊት ያለችው ጎረቤቴ አበባ መትከል ትወዳለችና፣ አዲስ ማሰሮ ገዝታ ባጠጣች ቁጥር ያ ሽታ በመስኮቴ ይገባል፣ እኔም የያዝኩትን አስቀምጬ ሳልፈልግ ወለቃ እደርሳለሁ።

ወለቃ ከጎንደር በስተሰሜን፣ ከተማው አለቀ ሲባል የምትጀምር መንደር ናት። ቤታችን አስፋልቱ ዳር ነበር፤ አባቴ ወደ እስራኤል ከሄዱ ቤተሰቦች የገዛው፣ በሩ ላይ የተሳለውን ኮከብ ማጥፋት ነውር መስሎት እንዳለ የተወው ቤት ነው። ቤተ እስራኤሎቹ ቢሄዱም የሸክላ ሥራቸው በመንደሩ ስለቀጠለ፣ የጎረቤታችን የእማማ ወለቴ ግቢ ከጠዋት እስከ ማታ ጭቃ ሲቦካበትና ሲተኮስበት ይውል ነበር፤ የሠሯቸውንም ትንንሽ አንበሶችና ንግሥተ ሳባዎች መንገድ ዳር ደርድረው ለቱሪስት ይሸጡ ነበር። አባቴ መምህር ነበር። እናቴ እታፈራሁ ትባላለች። እኔ የሺሀረግ የበኩር ልጃቸው ስሆን፣ እስከ ዘጠኝ ዓመቴ ድረስ ብቸኛቸውም ነበርኩ።

ብቸኛ የሆንኩት ግን ስለተፈለገ አልነበረም። ከእኔ በኋላ ሁለት ሴቶች ተወልደው፣ የፊተኛዋን ብርቱካን፣ ተከታይዋን ትርንጎ ብላ ስም ያወጣችላቸው እናቴ ነበረች፤ ብርቱካን ክርስትና ሳትነሳ፣ ትርንጎ ደግሞ ዳዴ ማለት በጀመረች ሰሞን ሞቱ። ሰፈሩ ለቅሶ ተቀምጦ ሲነሳ ጥፋቱን አገኘው፤ ስሙ ነው ተባለ። እንዲህ ያለ የሚያጓጓ ስም ጠርቶ ዓይን አይበላትም ማለት ዘበት ነው ተባለ። እናቴም አመነች፤ ይሄን የማውቀው ከዚያ ወዲያ ብርቱካን ሻጭ በበራችን ሲያልፍ ወደ ጓዳ ትገባ ስለነበር ነው።

ሦስተኛዋ የተወለደችው በነሐሴ መጨረሻ፣ ዝናቡ ጣራውን ሲደበድብ በሚያድርበት ጊዜ ነው። እናቴ ስም አላወጣችላትም። «ይቺ» ትላታለች፣ አንዳንዴ «እንግዳዋ»፤ ስታጠባትም ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞር ነበር። እኔም ሳልለምዳት ብትሄድ ይሻለኛል ብዬ አልጠጋትም ነበር። አባቴ ብቻ ነበር የክትባት ቀኗን እየቆጠረ፣ ቤቱ ደህና የሆነ ይመስል ጮክ ብሎ የሚያወራው።

እናና፣ የእናቴ እናት፣ ልጇን ልታርስ ከመካነ ብርሃን የወረደችው ያኔ ነው። አጭር፣ ቆፍጣና፣ ጎማ ያለውን ነገር ሁሉ የምትጠረጥር ሴት ነበረች። አንድ ሳምንት የልጇን ፊትና ግድግዳውን ስታይ ሰነበተችና አንድ ማታ አባቴን ጠራችው።

«መምህር፣ ይቺን ልጅ የእኛ ካልናት አትበረክትም። በእኛ አገር እንዲህ ሲሆን ሕፃኗን መንገድ ዳር ያስቀምጧታል፤ መጀመሪያ ያነሳት ሰው ስም ያወጣላታል፣ የእሱ ልጅ ትሆናለች። እናትየው ለሰው ታሳድጋለች እንጂ ልጄ አትልም። ሞት የሰው አደራ መንካት ያፍራል።»

«እማማ፣ ይሄ እኮ ተረት ነው» አለ አባቴ። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል። ደግሞ እያስከተብናት ነው።»

«ክትባቱንም ያስከትቧት፣ ማን ከለከለዎ?»

አማትን መከራከር ነውር ስለነበር አባቴ እሺ አለ። ከእናና ተደብቆ ግን የራሱን ዘዴ ዘየደ፤ ከአንድ የትምህርት ቤት ባልደረባው ጋር፣ ሰውዬው በተቀጠረው ጠዋት በብስክሌት ቀድሞ እንዲያልፍ፣ ሕፃኗንም አንስቶ «ስሟ ቤተልሔም ይሁን» እንዲል ተስማሙ። ሁለቱም የተማሩ ሰዎች ስለነበሩ ነገሩ ያለቀ መስሏቸው ነበር።

መስከረም አልፎ፣ ጭቃው ደርቆ፣ የፈረንጅ ማኪናዎች ወደ ሰሜን ተራራ መውጣት የሚጀምሩበት ጥቅምት ገባ። በተቀጠረው ቅዳሜ ጠዋት እናና ሕፃኗን በጋቢ ጠቅልላ ሰፌድ ላይ አስተኛቻትና ከአስፋልቱ ጥግ አስቀመጠቻት። እናቴ ማየት አይፈቀድላትም ነበርና በሩን ዘግታ ከውስጥ ተቀመጠች። እናናና እኔ አጥሩ ሥር ተደብቀን ቆየን፤ ውሻ እንዳይጠጋት እኔ ዱላ ይዤ ነበር። እናና የጠበቀችው ወደ ትክል ድንጋይ ገበያ የሚሄዱትን እግረኞች ነው። አባቴ የጠበቀው ብስክሌቱን ነው። የመጣው ግን ነጭ ማኪና ሆነና የእማማ ወለቴ ሸክላዎች ፊት ቆመ።

ከማኪናው ፀጉሯ የሸበተ፣ ባርኔጣ ያደረገች ፈረንጅ ወረደችና አንዲት ንግሥተ ሳባ አንስታ እያገላበጠች ሳለ ሰፌዱን አየችው። ጮኸች። ሸክላውን ጥላ ሮጣ መጣችና ሕፃኗን አንስታ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት።

«አነሳቻት! አለቀ!» ብላ እናና ከአጥሩ ሥር እልል እያለች ወጣች። ፈረንጇ እኛን እንደ ወንበዴ አይታ ወደ ኋላ ሸሸች፣ ልጅቱንም አልሰጥም አለች። የተጣለች መስሏት ነበር። የጎንደር ልጅ የሆነው አስጎብኚዋ ደርሶ የእናናን ቃል እየሰማ በፈረንሳይኛ እስኪያስረዳት ብዙ ቆየ። ፊቷ መጀመሪያ ቁጣ፣ ቀጥሎ ግራ መጋባት ሆነ፤ ስለ ሞቱት ሁለት ሕፃናት ሲነግራት ግን ባርኔጣዋን አወለቀች።

«እናቴ፣ ይቺ እኮ መንገደኛ ናት» አላት አስጎብኚው እናናን። «በሳምንቱ አገሯ ፈረንሳይ ትገባለች። ሌላ ሰው አይሻልም?»

«እኔ መረጥኳትን? ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባል የለ፤ መልአኩ ዛሬ በማኪና ቢመጣ እኛ ምን አገባን? ሩቅ አገሯ መሆኑም ሸጋ ነው። ሞት እስከዚያ ሄዶ አይጠይቅ።»

አባቴ በሩ ላይ ቆሞ በሐፍረት ነጠላውን ያጣጥፍ ነበር። ፈረንጇ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ልጅቱን ጭኗ ላይ አድርጋ አሰበች። ልታስደስተን ፈልጋ መሰለኝ፣ ቅድም ያነሳቻትን ሸክላ አይታ «ሳባ» አለች።

«አይሆንም» አለች እናና። «ሳባን እዚህ አገር የማያውቅ አለ? የራሷን አገር ስም ትስጠን በላት፣ እዚህ ማንም ያልተጠራበትን።»

ፈረንጇ እንደገና አሰበችና «ክሌር» አለች፤ የልጅነት ጓደኛዋ ስም እንደሆነ፣ ፈረንሳይ ውስጥ ደስ የሚል ስም እንደሆነ አስጎብኚው ነገረን።

«ጓደኛዋ አለች?» ብላ እናና ጠየቀች።

ጥያቄው ተተረጎመላት። ፈረንጇ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ በወጣትነቷ ሞታለች።

«ነፍስ ይማር። አይሆንም።»

ያን ጊዜ ሴትዮዋ ምን እንደተጠየቀች የገባት ይመስለኛል። ስም ማማር አለማማሩን ትታ፣ ያወቀቻቸውን ሰዎች አንድ በአንድ በሐሳቧ ስታልፍ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይ ነበር። ከዚያ ፈገግ አለችና «ሶላንዥ» አለች።

«አያቷ ናቸው» አለ አስጎብኚው። «አሁን ማንም ለልጁ አያወጣውም፣ የአሮጊት ስም ነው እያለች ነው።»

«ምን ያህል ኖረች?»

«ዘጠና አልፏቸው ነበር። ቂጣቸውን በልተው፣ ተኝተው፣ በዚያው ቀሩ አለች።» ቂጣውን አስጎብኚው ከራሱ ጨምሮት ሊሆን ይችላል።

«እሰይ! እሷን ትስጠን።»

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። አስጎብኚው ቃሉን አስጠናት፤ ፈረንጇም በተዘጋው በራችን ፊት ቆማ፣ እየተንተባተበች፣ በአማርኛ «ልጄን አሳድጊልኝ» አለች። ከዚያ የእናቴ ድምፅ ከውስጥ «እሺ፣ አሳድግልሻለሁ» አለ። ሴትዮዋ እያለቀሰች ልጅቱን ሳመቻት፣ ለእናና ሰጠቻትና ማኪናው ውስጥ ገባች። ሸክላ ሳትገዛ በመሄዷ እማማ ወለቴ ሳምንቱን ሙሉ ሲያጉረመርሙ ነበር። ማኪናው ከዓይናችን ሲሰወር የአባቴ ባልደረባ ጎማው ተንፍሶበት ብስክሌቱን እየገፋ ደረሰና «ስሟ ቤተልሔም ይሁን!» አለ። አባቴ ግባና ጠላ ቅመስ አለው።

በኅዳር፣ በሰማንያ ቀኗ፣ ክርስትና ተነሳች። የንስሐ አባታችን የዓለም ስሟን ሲሰሙ ጢማቸውን አሹ፤ «ሶላንዥ… ይሁን። ለምድሩ እናንተ ትጠሯታላችሁ፣ በሰማይ የምትጠራው እኔ በምሰጣት ነው» አሉ። ያን ክረምት ጠፍቶ የነበረው ነገር በበጋው ተመለሰ፤ እናቴ ፊቷን ከግድግዳው መለሰች። የራሷ ያልሆነችን ልጅ መውደድ ሳይቀላት አልቀረም። ታጥባታለች፣ ቅቤ ትቀባታለች፣ ታጫውታታለች፣ ስሟንም ምላሷ ሳይከብደው ደጋግማ ትጠራዋለች። «ልጄ» ግን አትላትም። እኔን ልጄ ትለኛለች፣ ሽንኩርት የሚሸጠውን ጎረምሳ ልጄ ትለዋለች፣ ሶላንዥን «የሰው ልጅ» ትላታለች።

በሚያዝያ ሶላንዥ ታመመች። ተቅማጥና ትኩሳት ነበር፣ ትርንጎን የወሰዳት ያው በሽታ። አባቴ ክፍሉን በትኖ መጣና ሁላችንም በሚኒባስ ጎንደር ሆስፒታል ወረድን። ወረፋ ላይ ሳለን ነርሷ ብቅ ብላ «የሶላንዥ እናት!» ብላ ተጣራች። እናቴ ልጅቱን እንዳቀፈች አልተነሳችም።

«የሶላንዥ እናት የለችም?»

«የለችም» አለች እናና። «እናቷ ፈረንሳይ ናት።»

ነርሷ ልጅቱን አየች፣ እናቴን አየች፣ በወተት የራሰውን የእናቴን ቀሚስ አየች። «ታዲያ ይቺ የምታጠባት ማን ናት?»

«አሳዳጊዋ ናት።»

አባቴ ተነስቶ «አባቷ እኔ ነኝ» ሲል ነርሷ ከላይ እስከ ታች ገረመመችው። ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል የእናቴን አፍ አየሁና ዋጥኩት። ድምፅ ሳታወጣ «የሰው አደራ ናት፣ የሰው አደራ ናት» ትል ነበር፤ ለማን እንደምትናገር ገባኝና ፈራሁ። ልጅቱ ግሉኮስ ተሰክቶላት ሰነበተችና አንድ ጠዋት ጡት ፍለጋ አፏን ከፈተች። እናቴ አጠባቻት፣ አስተኛቻት፣ ከዚያ አልጋው ሥር ተቀምጣ፣ ሁለቱ ሲሞቱ እንኳ አልቅሳው የማታውቀውን ለቅሶ አለቀሰች።

ሶላንዥ አደገች። በተቆጣናት ቁጥር «እናቴ ፈረንሳይ ናት፣ እነግርላችኋለሁ» እያለች ታስፈራራን ነበር፣ እኛም እንስቅ ነበር። ፈረንሳዊቷን ግን ከዚያ ቀን በኋላ አላየናትም። አንድ ክረምት፣ አሥር ዓመት ሳይሞላት አይቀርም፣ ዝናብ ይዞን ማድቤት ተቀምጠን ሳለ «ለምንድን ነው እማዬ አንቺን ብቻ ልጄ የምትልሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። ስለ ብርቱካንና ስለ ትርንጎ ነገርኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷም እናታችንን «እማዬ» ማለት ተወችና በስሟ፣ እታፈራሁ ብላ ትጠራት ጀመር። እናቴ ተቆጥታ አታውቅም።

አምና ሶላንዥ ጎንደር ወለደች፣ ሴት። ልጠይቃት ስሄድ ባሏ ስልኩን ይዞ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የፈረንሳይ ስሞችን ያነብላት ነበር፤ ከሶላንዥ ስም ጋር የሚሄድ ይፈልጉ ነበር። አንዱ ረዘመ፣ አንዱ ለጎረቤት ልጅ ቀድሞ ወጥቷል፣ አንዱ አምሮ ተቀመጠ። ሲመርጡ የሰማሁት ሁሉ ስለ ማማር ነበር፤ ባለስሟ ኖራ እንደሆነ የጠየቀ የለም፣ መጠየቅም አላስፈለገም፣ ለዚህም ተመስገን ነው። እናና ሞታለች። እናታችን ጥጉ ላይ ተቀምጣ ስትሰማ፣ ሶላንዥ ሕፃኗን እያገላበጠች «ልጄ፣ የእኔ ልጅ» ባለቻት ቁጥር ትከሻዋ ሰብሰብ ይል ነበር።

ሶላንዥ አየቻት። «እታፈራሁ፣ ሠላሳ ልሞላ ነው እኮ» አለቻት። «እናት ሆንኩ። ሞትም ረስቶኛል። ዛሬ አንድ ጊዜ ልጄ በይኝ።»

እናቴ በነጠላዋ ጫፍ የሶላንዥን እግር፣ የሕፃኗን ሳይሆን የእሷን እግር፣ ሸፈነችላት።

«አልልሽም» አለች። «አንቺ ኑሪልኝ እንጂ የማንም ሁኚ።»

ዕድሜዬን ሙሉ ልጄ ስባል የኖርኩት እኔ፣ ታናሽ እህቴ ላይ ቀናሁ።