የላይል ሃግስትረም ቀኝ እግር

ላይል ሃግስትረም አሜሪካ፣ ዱሉት ከተማ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ አብሮኝ ጠግኗል። ጭምት ሰው ነው። ሲኩራራ የሰማሁት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በቀኝ እግሩ። ፕሮግረሲቭ ሜታል የሚሉት ሙዚቃ ላይ ትልቁን ከበሮ በእግር እንደ መትረየስ ያንጣጡታል፤ በዚህ ላይልን የሚደርስበት አልነበረም። ስለዚህም በየራሳቸው የሙዚቃ ባንድ ስም ያወጡ ሦስት ሰዎች ሱፐር ግሩፕ ሲያቋቁሙ፣ አውቶቡስ ጠጋኙን አራተኛ አደረጉት።

የመጀመሪያውን አልበም አንድ ክፍል ውስጥ ተፋጠው ቀዱት። ሁለተኛው ላይ ግን ሁሉም ከየቤቱ እየቀዳ ፋይል መላላክ ሆነ። በመሀሉ ላይል ቀኝ ጉልበቱን ቀዶ ጥገና ተደረገ። ጊታሪስቱ ዴክስተር ከሴንት ፖል ከተማ ቲክ፣ ቲክ እያለ ምቱን የሚመራ ቆጣሪ ድምፅ ብቻ ይልክለታል፤ ላይል እሱን እየሰማ ቤቱ ጋራዥ ውስጥ ይመታል። ለአራተኛው ዘፈን ዴክስተር "ቆጣሪው ስህተት ነበረበት፣ በዚህኛው ምታ" እያለ ሦስት ጊዜ ላከ። በሦስተኛው ላይል ሥራ ቦታ እየፈነደቀ መጣ።

"እግሬ ተመለሰልኝ! አንድም አልሳትኩ!"

"ቆጣሪውን ለምን ይቀያይራል ታዲያ?" አልኩት። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው።

ላይል ምሳውን አስቀመጠ። "ምን ለማለት ነው?"

"ኮምፒዩተር ዛሬ ከበሮ ይመታል። የአንተን አውጥቶ የማሽን ቢያስገባ በምን ታውቃለህ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ ወንድሜ።"

ከዚያ ወዲያ ሰላም አጣ። ዴክስተር "ግሩም ነው" ብሎ ሲጽፍለት "ለምን ግሩም አለ?" ይለኛል። መልስ ሲያዘገይ "እየቀየረው ነው" ይላል። በመጨረሻ ወጥመድ አዘጋጀ። የሚቀመጥባት በርጩማ ወደ ኋላ ሲሏት ሲጥ ትላለች። አራተኛው ዘፈን ውስጥ ሁሉም ጸጥ የሚልበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ ሆን ብሎ ሲጥ አደረጋትና ደግሞ ቀድቶ ላከ። ሲጥታዋ አልበሙ ላይ ከሌለች፣ ከበሮው ላይም እሱ የለም ማለት ነው።

ያለቀው ቅጂ ሐሙስ ደረሰ። አንዱ አውቶቡስ ውስጥ ገብተን ደጋግመን ሰማን። ሲጥታ የለም።

"አላልኩህም?" አልኩት። ልክ በመሆኔ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት በእኔ መኪና ሴንት ፖል ወረድን። የሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። ዴክስተር በካልሲው ብቻ ሆኖ በሩን ከፈተ።

"ከበሮዬን አሳየኝ" አለው ላይል፣ ሰላም እንኳ ሳይለው።

"ቡና አትጠጡም መጀመሪያ?"

"ከበሮዬን አልኩህ!"

ዴክስተር ግራ ተጋብቶ ኮምፒዩተሩን ከፈተና ምቱን እየለየ አሰማው። ሁሉም የላይል ነበር። ሲጥታዋም ተቆርጣ ለብቻዋ ተቀምጣለች።

"በስህተት የገባ የበርጩማህ ጩኸት መስሎኝ ነው ያወጣሁት። ምነው፣ ዘፈኑ ውስጥ ነበረች እንዴ?"

ላይል ሳቁ መጣ። እፎይ ብሎ ሊቀመጥ ነበር። እኔ ግን አላርፍ አልኩ።

"ቆጣሪውንስ ለምን ሦስት ጊዜ ቀየርከው?"

ዴክስተር ቡናውን ላምጣ ብሎ ብድግ አለ። ያኔ ዓይኔ ስክሪኑ ላይ አረፈ። የዘፈኑ ፍጥነት፣ በደቂቃ ስንት ምት እንደሆነ፣ በቁጥር ተጽፏል፤ መጀመሪያ ሁለት መቶ አሥር፣ ቀጥሎ ሁለት መቶ፣ በመጨረሻ መቶ ሰማንያ አምስት። ላይል ቁጥር አያይም ነበር። "ቁጥር የሚያይ እግሩን የማያምን ነው" ይል ነበር ሁልጊዜ። አሁን አየው።

"ፍጥነቱን ዝግ አደረግከው" አለ።

"ጉልበትህ ስለታመመ…"

"ሌሎቹስ ያውቃሉ?"

"እኔ ጊታሩን ሦስት ጊዜ ቀዳሁ። ቤዝ ተጫዋቹም ዘፋኙም እንደዚሁ። ሌላ ሰው እናምጣ ያለ የለም፣ ላይል። አንድም ሰው አላለም።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ላይል ወደ ዴክስተር ሳይሆን ወደ እኔ ዞረ። ቢቆጣኝ በወደድኩ።

"እግሬ ተመለሰ ብዬህ ነበር እኮ" አለኝ።

ስንመለስ፣ ሂንክሊ የምትባለውን ከተማ እንዳለፍን፣ አራተኛውን ዘፈን ራሱ ከፈተው። ቀኝ እግሩን ምንጣፉ ላይ ጸጥ አድርጎ እስከ መጨረሻው ሰማ።

"ዝግ ማለቱ አምሮበታል" አለ።

መንገዱን እያየሁ ነዳሁ። እውነትም አምሮበት ነበር።